ዩኒቨርስ ለሕይወት ተቃኝቷል? ሙግቱን በወረቀትና በካልኩሌተር መመርመሪያ

ክራር የሚቃኝ ሰው ጆሮውን ወደ አውታሩ አስጠግቶ መቃኛውን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል። ትንሽ ካለፈ ዜማው ይሰበራል። “ዩኒቨርስ ለሕይወት ተቃኝቷል” የሚሉ ሰዎችም የሚያነሱት ይህንኑ ነው፦ የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች በጥቂቱ ተዛንፈው ቢሆን ኖሮ ከዋክብት አይኖሩም፣ ካርቦን አይኖርም፣ ይህን የሚጠይቅ ሰውም አይኖርም። ሙግቱ በስብከት፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ክርክር፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ይመላለሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው አንድ የሚያስደነግጥ ቁጥር ተይዞ ነው፤ ሰሚውም ሳይመረምር ይቀበለዋል ወይም ሳይመረምር ይጥለዋል። ሁለቱም ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ አይገቡም። ቁጥሮቹ ደግሞ የሚመረመሩ ናቸው፤ ትልቁን ክፍል የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ የተማረ ሰው በራሱ እጅ ሊያሰላው ይችላል።

የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት፣ እርሳስ እና የስልክ ካልኩሌተር ነው። ስልኩን ወደ ጎን ሲያጋድሙት የርቢ ቁልፍ ብቅ ይላል፤ እሱ ይበቃል። መለኪያችን በአብዛኛው ኤሌክትሮን ቮልት የተባለው ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ ነው፤ ሚሊዮኑን ሜ.ኤ.ቮ.፣ ሺሁን ኪ.ኤ.ቮ. እያልን እናሳጥራለን። ከወረቀቱ ራስ ላይ እነዚህን ይገልብጡ፦

የፕሮቶን መጠነ ቁስ 938.272 ሜ.ኤ.ቮ.
የኒውትሮን መጠነ ቁስ 939.565 ሜ.ኤ.ቮ.
የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ 0.511 ሜ.ኤ.ቮ.
የሦስት ሂሊየም ኒውክለሶች ኢነርጂ፣ ከካርቦን መነሻ ሲለካ 7.275 ሜ.ኤ.ቮ.
የካርቦን “ሆይል ደረጃ” (የካርቦን ኒውክለስ ሊይዘው የሚችል አንድ ከፍ ያለ የኢነርጂ ደረጃ) 7.654 ሜ.ኤ.ቮ.
ሙቀትን ወደ ኢነርጂ መቀየሪያ፦ ለ1 ኬልቪን 0.00008617 ኤሌክትሮን ቮልት

መጀመሪያ ሙግቱን አምስት ባዶ ቦታ ውስጥ ይክተቱት

የሰሙትን አረፍተ ነገር እንዳለ አይመርምሩት። እንዲህ አድርገው እንደገና ይጻፉት፦ የትኛው ቁጥር? በስንት ቢለወጥ? ሌሎቹ ቁጥሮች ባሉበት ሆነው ወይስ አብረው ተለውጠው? ምን ይበላሻል? ፐርሰንቱ የተሰላው ከምን ላይ ነው? አምስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሸሸገው ግን እዚያ ነው፤ ከዚህ በታች ደጋግመን እንመለስበታለን።

ባዶ ቦታዎቹን ለመሙላት ሲሞክሩ ብዙ ሙግቶች ከሁለት በአንዱ ምክንያት ከወረቀቱ ይወጣሉ። አንደኛው ስለ ዩኒቨርስ ሳይሆን ስለ ፕላኔት የሚያወሩት ናቸው፦ ምድር ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መራቋ፣ የጨረቃ መጠን፣ የጁፒተር ቦታ። ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ እስካሁን የታወቁት ፕላኔቶች ከ5,000 በላይ ናቸው፤ በጋላክሲያችን ያሉት ከዋክብት ደግሞ ከ100 ቢሊዮን ያላነሱ ናቸው። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ለሕይወት የሚመች ቦታ ላይ ቢገኝ፣ እኛም የተገኘነው እዚያ ላይ ቢሆን፣ የተፈጥሮ ሕግ ቁጥሮችን የሚመለከት ነገር የለውም። እንዲህ ያለውን ሙግት በሌላ ወረቀት ያቆዩት።

ሁለተኛው መለኪያ ያላቸውን ቁጥሮች የሚለውጡት ናቸው። “የብርሃን ፍጥነት በ1 ፐርሰንት ቢጨምር” የሚል አረፍተ ነገር እንዲሁ ሲነገር ትርጉም የለውም። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ በብርሃን ስለተወሰነ ነው። ሜትሩም ሰዓቱም ከአቶም የተሠሩ ናቸው፤ መለኪያውና የሚለካው አብረው ከተለወጡ ማንም ልዩነቱን አያየውም። የሚመረመሩት መለኪያ የሌላቸው ንጽጽሮች ናቸው፦ የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል ብርታት (1/137.036)፣ የፕሮቶን መጠነ ቁስ ለኤሌክትሮን ሲካፈል (1836.15)፣ በሁለት ፕሮቶኖች መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት ለስበት ሲካፈል፣ እነዚህን የመሰሉ። ሙግቱ መለኪያ ባለው ቁጥር ከመጣ ወደ ንጽጽር ይቀይሩት፤ ካልተቀየረ አይቀጥሉ።

ትልቅ ቁጥር ጠባብ ወሰን ማለት አይደለም

ከላይ የጠቀስነውን የመጨረሻውን ንጽጽር ያስሉት። የሁለት ፕሮቶኖች የኤሌክትሪክ ግፊት በርቀቱ ካሬ ሲባዛ 2.307 × 10⁻²⁸ ነው፤ ስበታቸው በተመሳሳይ መለኪያ 1.867 × 10⁻⁶⁴ ነው። ሲካፈሉ 1.24 × 10³⁶ ይሆናል። ከ1 በኋላ 36 ዜሮ ማለት ነው፤ ሲያዩት ያስፈራል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚነግረን ስበት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ነው። ስንት ቢለወጥ ሕይወት እንደሚጠፋ አይናገርም።

የሚቀጥለውን ይጠይቁ፦ ስበት ቢበረታ ምን ይበላሻል? የከዋክብት ዕድሜ። በግርድፉ ዕድሜያቸው ስበት በበረታበት ልክ ያጥራል። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይነዳል። ስበት በ10 እጥፍ ቢበረታ ዕድሜው ወደ 1 ቢሊዮን ይወርዳል፤ በሚሊዮን እጥፍ ቢበረታ ወደ 10,000 ዓመት። በምድር ላይ ሕይወት ከታየ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ያላነሰ ስለሆነ 10,000 ዓመት እንደማይበቃ ግልጽ ነው፤ 1 ቢሊዮን ግን ሊያከራክር ይችላል። እንግዲህ ወሰኑ አለ፣ ነገር ግን ሰፊ ነው። ፍሬድ አዳምስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ስበትን፣ የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይልንና የኒውክሌር ማቃጠያውን ብርታት አብሮ እየለወጠ ባሰላው መሠረት፣ ከመረመረው ክልል ሩብ ያህሉ ውስጥ ኒውክሌር የሚያቃጥሉ ከዋክብት ሊኖሩ ይችላሉ።

ፐርሰንቱ ከምን ላይ ነው? የኒውትሮን ምሳሌ

939.565 ሲቀነስ 938.272 ይላሉ፤ 1.293 ሜ.ኤ.ቮ. ይመጣል። ኒውትሮን ከፕሮቶን የሚከብደው በዚህ ብቻ ነው። ኤሌክትሮን 0.511 ስለሆነ ብቻውን ያለ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ለመፍረስ በቂ ትርፍ አለው፤ በእርግጥም በአማካይ በ880 ሰከንድ ገደማ ይፈርሳል። አሁን ልዩነቱን በሐሳብ ያሳንሱት። ከ0.511 በታች ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል፦ የሃይድሮጅን ፕሮቶን የራሱን ኤሌክትሮን ውጦ ኒውትሮን ይሆናል። ሃይድሮጅን ጠፋ ማለት ውሃ ጠፋ፣ ከዋክብት ለረጅም ጊዜ የሚያቃጥሉት ነዳጅም ጠፋ ማለት ነው። ወደ ላይ ደግሞ ያሳድጉት። ፕሮቶንና ኒውትሮን የተጣበቁበት ዲዩተሪየም የሚያያዝበት ኢነርጂ 2.22 ነው፤ 2.22 ሲደመር 0.511፣ 2.73 ገደማ። ልዩነቱ ከዚያ ካለፈ ዲዩተሪየም ውስጥ ያለው ኒውትሮንም ይፈርሳል፤ ፀሐይ ሃይድሮጅንን የምታቃጥልበት የመጀመሪያው ደረጃ ዲዩተሪየም ስለሆነ መንገዱ ይዘጋል።

ስለዚህ ወሰኑ ከ0.511 እስከ 2.73 ነው፤ እኛ ያለነው 1.293 ላይ ነው። ይህን ወሰን በፐርሰንት ይግለጹት። ወደ ታች ያለው ርቀት 0.782 ነው። ከልዩነቱ ላይ ሲሰላ (0.782 ለ1.293) 60 ፐርሰንት ነው። ከኒውትሮን ጠቅላላ መጠነ ቁስ ላይ ሲሰላ (0.782 ለ939.565) 0.083 ፐርሰንት ነው። አንድ ሐቅ፣ ሁለት ፐርሰንት። የመጀመሪያውን የሚጠቅስ ሰው “ሰፊ ነው” ይላል፤ ሁለተኛውን የሚጠቅስ “ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም” ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

የትኛው ትክክል ነው? መልሱ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በማየት ነው የሚገኘው። የፕሮቶንና የኒውትሮን መጠነ ቁስ አብዛኛው ከጠንካራው የኒውክሌር ኃይል የሚመጣ ሲሆን ለሁለቱም እኩል ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የኳርኮች (ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩባቸው ቅንጣቶች) መጠነ ቁስ ልዩነት ኒውትሮንን ያከብዳል፣ የኤሌክትሪክ ኢነርጂ ፕሮቶንን ያከብዳል፤ የሚቀረው 1.293 ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2015 በሱፐር ኮምፒውተር ከመሠረታዊው ሕግ ተነስቶ ተሰልቷል። ስለዚህ 939.565ን እንደ መነሻ መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ ከጋራው ክብደት ጋር ልዩነቱ ግንኙነት የለውም። በሌላ በኩል እነዚያ ቀላል ኳርኮች ራሳቸው ለምን ይህን ያህል ቀላል እንደሆኑ የሚነግረን ሕግ የለም። ሙግቱ እዚህ ጋ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በወረቀቱ ላይም እንዲሁ ይጻፉት።

ካርቦን፦ ሙሉውን ስሌት አንድ ጊዜ ይሥሩት

በዚህ ሙግት ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ይህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያውሉ።

ከዋክብት ካርቦን የሚሠሩት ሦስት የሂሊየም ኒውክለሶችን በማጣመር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቤሪሊየም-8 ይሆናሉ፤ እሱ ግን በ92 ኪ.ኤ.ቮ. ስለሚበልጥ አይጸናም፣ በ10⁻¹⁶ ሰከንድ ገደማ ተመልሶ ይፈርሳል። ሦስተኛው በዚያች ቅጽበት መድረስ አለበት። እንዲህ በዝግታ ከሆነ በዩኒቨርስ ውስጥ ያለው ካርቦን ያን ያህል ሊሆን አይችልም። የከዋክብት ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል እ.ኤ.አ. በ1953 ካርቦን በዚህ መጠን ካለ ኒውክለሱ ከሦስቱ ሂሊየም ኢነርጂ ጥቂት ከፍ ያለ የኢነርጂ ደረጃ ሊኖረው ይገባል ብሎ ገመተ፤ በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዋርድ ዌሊንግ ቡድን በዚያው ዓመት ፈልጎ አገኘው። ብዙ ጊዜ “ሆይል ሕይወት መኖሩን አይቶ ተነበየ” ሲባል ይሰማል፤ የተነሳው ግን ከካርቦን ብዛት ነበር። የሕይወት ትርጓሜው የመጣው በኋላ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 7.654 ሲቀነስ 7.275፣ 0.379 ሜ.ኤ.ቮ. ወይም 379 ኪ.ኤ.ቮ.። ሦስቱ ሂሊየሞች ከሙቀት ማግኘት ያለባቸው ትርፍ ይህ ነው። ሂሊየም በሚነድበት በ100 ሚሊዮን ኬልቪን ሙቀቱ የሚሰጠው ኢነርጂ፣ 100,000,000 ሲባዛ በ0.00008617፣ 8.617 ኪ.ኤ.ቮ. ነው። 379 ለ8.617 ሲካፈል 44 ይሆናል። የካርቦን አሠራር ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው 2.718 (በሒሳብ e የሚባለው ቁጥር) በርቢ −44 በሚሰጠው ውጤት ነው። ርቢው ትልቅ ስለሆነ ፍጥነቱ ለትንሽ ለውጥ እጅግ ስስ ነው። ደረጃው ላይ ከደረሱትም አብዛኞቹ ተመልሰው ይፈርሳሉ፤ የጸና ካርቦን የሚሆነው ከ10,000 ወደ 4 ገደማው ብቻ ነው።

አሁን ደረጃውን በ60 ኪ.ኤ.ቮ. ከፍ ያድርጉት። 60 ለ8.617፣ 6.96። 2.718 በርቢ −6.96፣ 0.00095። ፍጥነቱ በሺህ እጥፍ ወረደ ማለት ነው። 60 ኪ.ኤ.ቮ. ከ7,654 ላይ 0.8 ፐርሰንት ብቻ ስለሆነ “ከ1 ፐርሰንት በታች ለውጥ ካርቦንን በሺህ እጥፍ ያጠፋል” የሚለው አረፍተ ነገር የሚወለደው እዚህ ነው።

ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛ፣ ፐርሰንቱ የተሰላው ከ7,654 ላይ ነው፤ በስሌታችን ውስጥ የሠራው ግን 379 ነበር። 60 ከ379 ላይ 16 ፐርሰንት ነው። ሁለተኛ፣ ኮከብ ምድጃ ነው፤ ሙቀቱ ሲያንስ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሂሊየሙ በበቂ ካልነደደ እምብርቱ በስበት ይኮማተራል፣ ይሞቃል፣ እስኪነድ ድረስ። ምን ያህል መሞቅ አለበት? 439 ለ379፣ 1.16። ሙቀቱ ከ100 ወደ 116 ሚሊዮን ኬልቪን ሲወጣ ፍጥነቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማሪዮ ሊቪዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 በኮከብ ሞዴል ሲመረምሩት ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ የ60 ኪ.ኤ.ቮ. ጭማሪ የካርቦንን መጠን ያን ያህል አይለውጥም።

ብዙ ጠርጣሪዎች እዚህ ላይ ወረቀቱን ያጥፉታል። ቸኩለዋል። ደረጃው ራሱ መሠረታዊ ቁጥር አይደለም፤ ከኒውክሌር ኃይሎች የሚወጣ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ “ኃይሉ በስንት ቢለወጥ?” ነው። ኦበርሁመር፣ ቾቶና ሽላትል እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን አስልተው፣ በኒውክለስ ውስጥ ያለው ጠንካራ ኃይል በ0.5 ፐርሰንት ወይም የኤሌክትሪኩ በ4 ፐርሰንት ቢለወጥ ከዋክብት ወይ ካርቦኑን ወይ ኦክስጅኑን ከሞላ ጎደል እንደሚያጡ አሳዩ። ኦክስጅን የገባው በምክንያት ነው፦ ካርቦን አንድ ተጨማሪ ሂሊየም ሲውጥ ኦክስጅን ይሆናል፤ የኦክስጅን አንዱ ደረጃ (7.117 ሜ.ኤ.ቮ.) ከሚያስፈልገው ኢነርጂ (7.162) በ45 ኪ.ኤ.ቮ. ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ የተሠራው ካርቦን በአብዛኛው ኦክስጅን ሆኖ ባለቀ ነበር። ሕይወት ሁለቱንም ስለሚፈልግ ወሰኑ የሚጠበው በአንዱ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነው።

በእኛ አመለካከት የ0.5 ፐርሰንቱ ውጤት እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው የቅኝት ማስረጃ ነው፤ የ0.8 ፐርሰንቱ አረፍተ ነገር ደግሞ መቅረት ያለበት ነው። ሁለቱ ሲሰሙ ይመሳሰላሉ፤ ለዚህ ነው ስሌቱን በእጅ መሥራት የሚያስፈልገው።

አንድ አውታር ብቻ አይንኩ

በትዝታ የተቃኘን ክራር አንዱን አውታር ብቻ ቢያላሉት ዜማው ይበላሻል። ከአንድ በላይ አውታር በልኩ ቢለውጡ ግን ባቲ ወይም አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ። እስካሁን የሠራነው ሁሉ አንዱን ቁጥር እየነካን ሌላውን አስቀምጠን ነው፤ ይህም በአንድ ቅኝት ዙሪያ ያለውን ወሰን ይለካል እንጂ ስንት ቅኝት እንዳለ አይነግርም።

ከሥነ ጽሑፉ ሁለት ምሳሌ አለ። ቤሪሊየም-8 የማይጸናው በ92 ኪ.ኤ.ቮ. ብቻ ነው። ኃይሎቹ ያችን ያህል ተለውጠው ቢጸና ኖሮ ካርቦን ሦስት ሂሊየም በአንድ ቅጽበት ሳይጠብቅ በሁለት ረጋ ያለ እርምጃ ይሠራ ነበር፤ የሆይል ደረጃም ባላስፈለገ። ሁለተኛው ይበልጥ ደፋር ነው፦ ሃርኒክ፣ ክሪብስና ፔሬዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ደካማው የኒውክሌር ኃይል (ኒውትሮንን ወደ ፕሮቶን የሚቀይረው) ጨርሶ የሌለበትን ዩኒቨርስ ነደፉ፤ ሌሎቹን ቁጥሮች አብረው ሲያስተካክሉ ከዋክብትና ኬሚስትሪ ተገኙ። ይህኛው ተቃውሞ ገጥሞታል፤ በተለይ ኦክስጅን በበቂ ይወጣል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው።

በወረቀቱ ሦስተኛ ባዶ ቦታ ላይ “ሌሎቹ ባሉበት” ብለው ከጻፉ፣ ድምዳሜውም “በዚህ ቅኝት ዙሪያ” በሚል ይወሰን። ከዚህ ጋር የሚሄድ የቆየ ስሕተት አለ፦ ጠንካራው ኃይል በጥቂት ፐርሰንት ቢበረታ ሁለት ፕሮቶኖች ተጣብቀው ሃይድሮጅን በሙሉ በቢግ ባንግ ባለቀ ነበር የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጡ ስሌቶች እንደማያልቅ አሳይተዋል። ዛሬም በየቪዲዮው ይደጋገማል፤ ሲያገኙት ይሰርዙት።

የጥቁር ኢነርጂው 10¹²⁰

ከሁሉ የሚገንነው ቁጥር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ በ2011 ኖቤል ተሸለሙበት። መስፋፋቱን የሚገፋው፣ ጥቁር ኢነርጂ የተባለው ኢነርጂ በአንድ ሜትር ኩብ ሲመዘን ከ4 ፕሮቶን በታች ነው። በኳንተም ስበት ተፈጥሯዊ መለኪያ ሲመዘን ግን መጠኑ 10⁻¹²⁰ ገደማ ይሆናል።

አምስተኛውን ጥያቄ እዚህም ያንሱት። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ማለትም ከመገኘቱ 11 ዓመት በፊት፣ ይህ ኢነርጂ ስንት ቢሆን ጋላክሲዎች መሠራት እንደማይችሉ አሰላ፤ ጣሪያው ከዛሬው የቁስ እፍግታ በመቶዎች እጥፍ ነበር። የተለካው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ከራሱ መጠን ጋር ሲነጻጸር ወሰኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ከኳንተም መለኪያው ጋር ሲነጻጸር ከ10¹¹⁷ አንድ ገደማ ነው። በኒውትሮኑ ምሳሌ ጠባቡን ፐርሰንት የጣልነው ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነበር። እዚህ ግን ከባዶ ቦታ ኢነርጂ ውስጥ ትልልቆቹ ድርሻዎች ሕጉ ራሱ የሚጠብቃቸው ናቸው፤ እንዴት እንደተጣፉ የሚያስረዳ የለም። ለዚህ ነው ቁጥሩን በቁም ነገር የምንወስደው።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ከጎኑ ይጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት በነበረው ግንዛቤ ዩኒቨርስ በ1 ሰከንድ ዕድሜው የነበረው እፍግታ ከወሳኙ እፍግታ (ተመልሶ በመሰብሰብና በመበተን መካከል ካለው ድንበር) ጋር እስከ አሥራ አምስተኛው የአስርዮሽ ቤት ገደማ መግጠም ነበረበት፤ ይህም እንደ ትልቅ ቅኝት ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አለን ጉዝ ዩኒቨርስ በመጀመሪያዋ ቅጽበት እጅግ በፍጥነት ተነፍቷል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ያ ከሆነ እፍግታው ከየትም ቢነሳ ወደ ወሳኙ ይጠጋል። ቃኚ መስሎ የታየው ሂደት ብቻ ነበር ማለት ነው። ጥቁር ኢነርጂም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።

ከወሰን ወደ ዕድል

እዚህ ድረስ ያለው ፊዚክስ ነው። “ወሰኑ ጠባብ ነው” ከሚለው ወደ “እንዲያው በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም” ለመሻገር ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፦ ቁጥሩ ከየትኛው ክልል ሊወጣ ይችል ነበር? እያንዳንዱ ቁጥር ከዜሮ እስከ ማለቂያ የሌለው ድረስ እኩል ዕድል አለው ካሉ ስሌቱ ይፈርሳል። ከማለቂያ የሌለው ክልል ውስጥ ከ1 እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ወሰንም ድርሻው ዜሮ ነው፤ እንግዲህ የትኛውም ወሰን፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ “የተቃኘ” ይሆናል። ስለዚህ ክልሉን ወስነው፣ ለምን እዚያ ላይ እንደወሰኑት በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፉ። ምክንያት ከሌለ ፐርሰንት እንጂ ዕድል አይጻፉ።

“ሕይወት ባይኖር ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ስለዚህ የሚያስደንቅ ነገር የለም” የሚለውም አቋራጭ አይበቃም። ፈላስፋው ጆን ሌስሊ የሰጠው ምሳሌ አለ፦ 50 አልሞ ተኳሾች በአንድ ሰው ላይ ተኩሰው ሁሉም ቢስቱ፣ ሰውዬው “ባይስቱ ኖሮ አልጠይቅም ነበር” ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ለምን እንደሳቱ መጠየቁ ትክክል ነው።

የቀሩት ንባቦች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቁጥሮቹን የሚያስገድድ ገና ያልታወቀ ሕግ፣ ቁጥሮቻቸው የሚለያይ ብዙ ዩኒቨርሶች፣ እና ያቀደ ፈጣሪ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ፈተና ይስጡ፦ ይህ ሐሳብ ቁጥሩን ሳያይ ምን ይጠብቅ ነበር? ሕጉ እስካሁን አልተጻፈም። የብዙ ዩኒቨርሶች ሐሳብ ከዩኒቨርሶቹ መካከል እንዴት እንደሚቆጠር ካልወሰነ ምንም አይተነብይም፤ የዋይንበርግ ስሌት ከሁሉ የቀረበው ሙከራ ነው። የፈጣሪ ሐሳብም እንደ ማስረጃ ከቀረበ ፈጣሪ የትኛውን ቁጥር ለምን እንደሚመርጥ መናገር ይጠበቅበታል። ይህን ስንል በፈጣሪ ማመንን መዳኘታችን አይደለም፤ ያ እምነት 7.654 ከመለካቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ነው፣ በአንድ ኒውክለስ ደረጃ ላይ ማንጠልጠሉም ለእምነቱ የሚበጅ አይመስለንም። የምንዳኘው ሙግቱን ነው።

አንድ የተሞላ ወረቀት

በየቦታው የሚገኘውን ይህን አረፍተ ነገር ይውሰዱ፦ “ስበት ከ10⁶⁰ አንድ ቢለወጥ ሕይወት አይኖርም ነበር።”

የትኛው ቁጥር? የስበት ቋሚ ቁጥር፤ መለኪያ ስላለው ወደ 10³⁶ው ንጽጽር ይቀየራል። በስንት? ከ10⁶⁰ አንድ። የስበት ቋሚ ቁጥር በላብራቶሪ የሚታወቀው ከ100,000 ሁለት ገደማ በሚደርስ ስሕተት ነው፤ ስድስተኛው አኃዝ ቢለወጥ ፀሐይ በምትነድበት ፍጥነት ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ሌሎቹ? ባሉበት። ምን ይበላሻል? አረፍተ ነገሩ አይልም። ሲፈልጉት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይ ካየነው ከመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች እፍግታ ነው፤ እሱም ስለ መነሻ ሁኔታ እንጂ ስለ ስበት ብርታት አይደለም፣ የመነፋቱ ሐሳብም መልስ ያቀረበለት ነው። ከምን ላይ? ከወሳኙ እፍግታ።

በዚህ ወረቀት ላይ “ስበት” የሚለውን ሰርዘው “የመነሻ እፍግታ” ብለው ይጻፉ፣ አራተኛው ላይ “ቀድሞ ተሰብስቦ ይፈርሳል ወይም ጋላክሲ ሳይሠራ ይበተናል” ብለው ይሙሉ፣ ከዚያ ከጎኑ 1981 ብለው ያስፍሩና ወደሚቀጥለው ይለፉ።